ነጩን ወፍ ያቃጠለው ጫካው ነው

ከደብረ ሲና የመጣ ጥያቄ ነው፦

«ጋሼ፣ እንደምን አሉ። ወደ ማታ ላይ ነጫጭ ወፎች በቡድን ሆነው በወፍ ዋሻ ደን ፊት ለፊት ያልፋሉ። ኒኮን ዲ5600 ካሜራና 70–300 ሌንስ አለኝ። ጫካው ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ወፎቹ ግን ነጭ ወረቀት ተቀዶ የተለጠፈ ነው የሚመስሉት። ላባ የለ፣ ምን የለ። እነዚያው ወፎች ከፍ ብለው ሰማይ ላይ ሲሆኑ ደግሞ ይጠቁራሉ። ‹ኤም› ላይ፣ ሁሉን በእጄ፣ አድርጌም ሞክሬያለሁ፤ ያው ነው። ችግሩ የሌንሱ ይሆን? ልቀይረው?»

አትቀይረው። ሌንሱ ምንም አልበደለህም።

መልሱን ከመጀመሬ በፊት ግን አንድ ጉድ ልንገርህ። ይህን ጥፋት እኔም አጥፍቼዋለሁ፤ ያውም በሰው ሠርግ። ደብረ ብርሃን ላይ ለዓመታት ሠርግ ያነሳሁት በፊልም ነበር። ኔጋቲቭ ፊልም ደግ ነው። ብርሃን ቢበዛበት ይችላል፣ ሲታተም ይስተካከላል። የሚጎዳው ብርሃን ሲያንሰው ነው። ስለዚህ የእኛ ትውልድ «ከተጠራጠርክ ብርሃን ጨምር» እየተባለ ነው ያደገው። ዲጂታል ሲመጣ ያንኑ ልማዴን ይዤ ገባሁ። ሙሽራዋ ቬሎዋን ለብሳ ጥቅጥቅ ያለ ባሕር ዛፍ ፊት ቆመች። አነሳኋት። አልበሙ ሲደርስ እናትየው ጥልፉን ፈለጉት። ጥልፍ የለም። ዳንቴል የለም። ልጃቸው አንሶላ የተከናነበች ነው የምትመስለው። «ያን ሁሉ ብር ያፈሰስንበት ጥልፍ የት ሄደ?» አሉኝ። የት እንደሄደ እኔም አላውቅም ነበር።

በኋላ ነው የገባኝ። ዲጂታል በዚህ በኩል የፊልም ተቃራኒ ነው። የጨለመውን ቆፍረህ ታወጣዋለህ። ብርሃን በዝቶበት የተቃጠለው ነጭ ግን ፋይሉ ውስጥ የለም። የሌለ ነገር ደግሞ በየትኛውም ሶፍትዌር አይመለስም።

የአንተ ወፎችና የእኔ ሙሽራ ችግራቸው አንድ ነው። አሁን ለምን እንደሆነ እንይ።

ካሜራው ውስጥ ያለው የብርሃን መለኪያ ከነገሮች ላይ ነጥሮ የሚመጣውን ብርሃን ነው የሚለካው። ያየው ነገር ነጭ ይሁን ጥቁር በእርግጠኝነት ሊያውቅ አይችልም። ስለዚህ አንድ ግምት ይዞ ይነሳል፦ «የማየው ሁሉ ሲደባለቅ መካከለኛ ግራጫ ነው» ይላል። መካከለኛ ግራጫ የምንለው ካረፈበት ብርሃን ከመቶ 18 እጁን የሚመልስ ነገር ነው። ለገበያ፣ ለመንገድ፣ ለሰው ፊት ይህ ግምት አያሳፍርም። ለወፍ ዋሻ ግን አይሠራም።

የጥድና የዝግባ ደን ብርሃን ይበላል። ካረፈበት ብርሃን ከመቶ 5 እጁን ቢመልስ ነው። ንጹሕ ነጭ ላባ ደግሞ 80 እጁንና ከዚያ በላይ ይመልሳል። 80ን ለ5 አካፍለው፤ 16 ነው። ብርሃን በእጥፍ ሲጨምር አንድ ስቶፕ ነውና፣ በደኑና በወፉ መካከል አራት ስቶፕ አለ ማለት ነው። አሁን ካሜራህን አስበው። ፍሬሙን የሞላው ጫካ ነው፤ ወፉ አንዲት ነጥብ ናት። ካሜራው ያን ጥቁር ሁሉ አይቶ «አረ ጨለመ!» ይልና ሁለት ስቶፕ ያህል ይጨምራል። ጫካው ግራጫ ይሆንልሃል፤ ቁልጭ አለ ያልከኝ እሱ ነው። ወፉ ግን አብሮት ሁለት ስቶፕ ወደ ላይ ወጣ። ቀድሞውንም ከግራጫው ሁለት ስቶፕ በላይ ነበር። አሁን አራት ሆነ። ጄፔግ (ካሜራው ራሱ አዘጋጅቶ የሚሰጥህ ፎቶ) ደግሞ ከግራጫው በላይ ሦስት ስቶፕ እንኳ መሸከም ያቅተዋል። ላባው እዚያ ላይ ቀረ።

ሰማይ ላይ ሲወጡ ለምን ይጠቁራሉ? ያው ስህተት ነው፣ የተገለበጠ። ፍሬሙን ብሩህ ሰማይ ሲሞላው ካሜራው «በዛ!» ብሎ ይቀንሳል። ወፉም አብሮ ይቀነሳል።

ልብ በል እንግዲህ። ወፉ ከጫካው ፊት ተነስቶ ሰማይ ላይ እስኪደርስ የወሰደበት ሦስት ሴኮንድ ነው። በእነዚያ ሦስት ሴኮንዶች ወፉ ላይ ያረፈው ፀሐይ አልተቀየረም። ያው ወፍ፣ ያው ፀሐይ። የተቀየረው ከጀርባው ያለው ነው። ታዲያ ለወፉ የሚሆነው የብርሃን ልክ ለምን ይቀየራል? መቀየር የለበትም። ወፉን የሚወስነው ወፉ ላይ የሚያርፈው ብርሃን እንጂ ከኋላው ያለው ነገር አይደለም። ይህን ከያዝክ ከዚህ በታች የምጽፈውን ሁሉ ራስህ ልትደርስበት ትችላለህ።

«ግን እኮ ኤም ላይ አድርጌ ሞክሬያለሁ» ትለኛለህ። አዎ፤ እዚህ ጋ ነው የተሸወድከው። መቼም ወራርጄ አላውቅም፣ በዚህ ግን እወራረዳለሁ፦ አውቶ አይኤስኦው ክፍት ነው። ኒኮን ኤም ላይ ሆኖም አውቶ አይኤስኦ ከበራ፣ ሹተሩን (ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ) እና አፐርቸሩን (የሌንሱን ቀዳዳ ስፋት) አንተ ትይዛለህ፣ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) ግን ካሜራው ይነዳዋል። ሹተሩን ብታፈጥን እሱ አይኤስኦ ጨምሮ ወደ ቦታው ይመልስብሃል። በአንድ መሪ ሁለት ሹፌር። የሹቲንግ ሜኑው ውስጥ ገብተህ «አይኤስኦ ሴንሲቲቪቲ ሴቲንግስ» የሚለውን ክፈት። «አውቶ አይኤስኦ ሴንሲቲቪቲ ኮንትሮል»ን «ኦፍ» አድርገው። አሁን ነው ኤም ላይ የገባኸው።

ከዚያስ ልኩን ከየት ታመጣለህ? ከጋቢህ።

አልቀለድኩም። የደብረ ሲና ሰው ሆነህ ጋቢ የለኝም አትለኝም። ነጭ ጋቢ ወይም ነጠላ ይዘህ ውጣ። ወፎቹን የሚመታው ያው ፀሐይ እንዲመታው አድርገህ ቁጥቋጦ ላይ ዘርጋው፤ ጓደኛ ካለህም ይያዝልህ። የሚዘረጋው ፀሐይ ወዳለችበት አቅጣጫ ነው፤ ጥላ እንዳይነካው። ካሜራውን ስፖት ሜተሪንግ ላይ አድርገው፤ አንዲት ትንሽ ቦታ ብቻ የሚለካው ማለት ነው። ኒኮን ስፖትን የሚለካው የመረጥከው የፎከስ ነጥብ ባለበት ላይ ነው፤ ነጥቡ ጋቢው ላይ ይሁን። ቀረብ በልና ጋቢው ፍሬሙን ይሙላው። ጥላህ እንዳያርፍበት። ፎከስ ባያደርግም ግድ የለም፤ የምንፈልገው ብርሃኑን ነው።

አሁን የመለኪያውን ሚዛን እይ። ዜሮ ላይ ብትተወው ጋቢው ግራጫ ሆኖ ይወጣል። ካሜራው ጋቢህንም ግራጫ ነው ብሎ ያምናላ! ስለዚህ ሹተሩን እየቀየርክ ሚዛኑን ከዜሮ በላይ አንድ ስቶፕ ከሁለት ሦስተኛ ላይ አሳርፈው። ፕላስ ሁለት ሊሞላ አንድ ደረጃ ሲቀረው ማለት ነው። እዚያ ላይ ነጩ ነጭ ሆኖ ይቀራል፣ ክሩም ይታያል። አንድ ፎቶ አንሳና አጉልተህ እየው። የጋቢው ፈትል ከታየህ የወፉ ላባም ይታይሃል። ቁጥሮቹን ያዝ። ከዚህ በኋላ መለኪያውን እርሳው። ጫካው ላይ ስታዞረው ሚዛኑ «ጨለመ፣ ጨለመ» እያለ ይጮሃል። ይጩህ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ጋቢው የታጠበ ይሁን። ጭስ ቤት ውስጥ ሦስት ክረምት የከረመ ጋቢ ወደ ቡና ዓይነት ሄዷል። እሱን ነጭ ብለህ ከለካኸው ወፉ እንደገና ይቃጠላል።

ጋቢውን ከረሳኸውም አትመለስ። ድሮ የፊልም ካርቶን ላይ የፀሐይና የደመና ሥዕል ተስሎ ከጎኑ ቁጥር ይታተም ነበር። ደንቡ ዛሬም ይሠራል፦ በጥርት ያለ ፀሐይ አፐርቸሩን ኤፍ 16 ካደረግክ ሹተሩ የአይኤስኦው ግልባጭ ነው። አይኤስኦ 400 ከሆነ ሹተሩ 1/400። አፐርቸሩን ወደ ኤፍ 8 ስትከፍተው ሁለት ስቶፕ ስለሚገባ ሹተሩ 1/1600 ይሆናል። ይህ ለመካከለኛ ነገር ነው። ለነጭ ወፍ ሁለት ሦስተኛ ስቶፕ ቀንስና 1/2500 አድርገው። እንግዲህ የእኔ መነሻ ይኸው፦ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ገደማ፣ ፀሐይ ከጀርባ፣ አይኤስኦ 400፣ ኤፍ 8፣ 1/2500። ገና 1 ሰዓት ላይ ከሆንክ ፀሐይዋ ደካማ ስለሆነች አይኤስኦ 800፣ ኤፍ 8፣ 1/1250። ሌንስህ 300 ላይ እስከ ኤፍ 6.3 ይከፈታል፤ ሹተር ማፍጠን ከፈለግክ እሱን ተጠቀምና 1/2000 አድርገው፤ ልኩ ያው ነው። ፀሐይዋ ከፍ እያለች ስትሄድ በየሃያ ደቂቃው ጋቢውን ወይም አንዲት የሙከራ ፎቶ አይተህ አስተካክል።

አሁን ወደ ሰዓቱ ልምጣ፤ ከካሜራው ይልቅ የሚበድልህ እሱ ነው። ማታ ማታ ነው የማነሳቸው ብለሃል። እስቲ ያለህበትን ቦታ አስበው። ደብረ ሲና ከጣርማበር ሥር ናት። ገደሉ ያለው ወደ ምዕራብ ነው። ፀሐይ ከመጥለቋ ብዙ ቀደም ብሎ ገደሉ ይሸፍናትና ደኑም ወፎቹም በጥላ ይዋጣሉ። በጥላ ውስጥ ብርሃኑ ከጥርት ካለ ፀሐይ ሦስት ስቶፕና ከዚያም በላይ ያንሳል። ልዩነቱ ግን ያው አራት ስቶፕ ነው፤ ወፉም ደኑም አንድ ጥላ ውስጥ ናቸዋ። ስለዚህ ብርሃንም አጥተህ፣ ወፍም አቃጥለህ ትመለሳለህ። ሁለት ያጣ ጎመን እንደሚባለው።

ነጫጮቹ ወፎችህ ከብት እግር ሥር የሚውሉት ይመስሉኛል። ከብቱ ሲሄድ ከሣሩ የሚነሳውን አንበጣና ነፍሳት እየለቀሙ ይውሉና ማታ በቡድን ሆነው ወደ ማደሪያ ዛፋቸው ይመለሳሉ። ማታ የመጡት ጠዋት ይሄዳሉ። ሲነጋ፣ ብዙ ጊዜ በዚያው መስመር። ያን ሰዓት ፀሐይ ከቆላው በኩል፣ ከምሥራቅ ትወጣለች። አንተ ከታች ሆነህ ወደ ደኑ ዞረህ ስትቆም ፀሐይዋ ከጀርባህ ናት። ወፉን በሙሉ ፊት ለፊት ታበራዋለች። ደኑም ቢበራ ያው ደን ነው፤ ለወፉ በለካኸው ልክ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ይቀመጣል። ለዚህ ነው አንድ ቀን ማለዳ ተነስ የምልህ። በእኛ አገር ፀሐይ ቀጥ ብላ ነው የምትወጣው። ከ3 ሰዓት ተኩል በኋላ ከላይ ትመጣና የክንፉ ሥር ይጨልማል። የምትሠራበት ጊዜ ሁለት ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው።

የበለጠ ጥቁር ከፈለግክ ፀሐይ ያልደረሰበትን የሸለቆ ጎን ፈልግ። ጠዋት ላይ በየገደሉ መካከል እንዲህ ያለ ጥቁር ኪስ አይጠፋም። ወፉ በፀሐይ ውስጥ እየበረረ ከኋላው ያ ጥላ ሲመጣ ድርና ማግ እንደለየ ይወጣልሃል። ልኩን ልንካው? አትንካው። ወፉ ላይ ያረፈው ፀሐይ አልተቀየረማ።

ማታውን የግድ ካልክ ግን ሌላ ዘዴ አለ። የገደሉ ጥላ ወደ ቆላው እየረዘመ ሲሄድ ጠርዙን ታየዋለህ። ከጥላው ወጣ ብለህ ፀሐይ ላይ ቁምና ወደ ጨለመው ደን ተመልከት። በአጠገብህ የሚያልፈው ወፍ ከኋላው ነው የሚበራው። ነጠላ በፀሐይ ፊት ሲዘረጋ እንዴት እንደሚያበራ ታውቃለህ? ክንፉ እንደዚያ ይሆናል፤ የላባው አጥንት አንድ በአንድ ይቆጠራል። ወደ አንተ ያለው የወፉ ጎን ጥላ ስለሆነ ከጠዋቱ ልክ አንድ ስቶፕ ያህል ጨምርለት። ሌንሱ ላይ ፀሐይ እንዳያርፍ በእጅህ ከልለው። ከአሥር አንዱ ከተሳካልህ ደስ ይበልህ።

ጉም ሲመጣ ደግሞ ካሜራህን ቦርሳህ ውስጥ ከተት። ጣርማበርን የምታውቅ ሰው ይህን አላስረዳህም። ጉም ጥቁሩን ደን ግራጫ ያደርገዋል፣ የፈለግከው ንጽጽር ይጠፋል። ክረምት ካለፈ በኋላ፣ ጥቅምትና ኅዳር ላይ፣ አየሩ ታጥቦ ጥርት ሲል ነው የዚህ ሥራ ወቅት።

ስለ ሂስቶግራም፣ ጨለማው በግራ ነጩ በቀኝ ስለሚከመርበት ሥዕል፣ ሳልናገር ብቀር ትሳሳታለህ፤ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚወድቀው። በትክክል ለወፉ የተለካ ፎቶ ሂስቶግራሙ አስቀያሚ ነው። ክምሩ ሁሉ ግራ ጠርዝ ላይ ይወድቃል፤ ያ ደኑ ነው። በስተቀኝ በኩል ባዶ ይመስላል። ወፉ የፍሬሙ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ ላይሆን ስለሚችል የእሱ ድርሻ በዓይን የማትታይ ቀጭን መስመር ናት። የተማረው ሰው ይህን ያይና «ጨልሟል» ብሎ ብርሃን ይጨምራል። ቆንጆ ሂስቶግራም ያገኛል፣ ወፉን ያጣል። ለዚህ ሥራ የሚሻለው የሚያብለጨልጨው ነው። በፕሌይባክ ሜኑ «ፕሌይባክ ዲስፕሌይ ኦፕሽንስ» ውስጥ «ሃይላይትስ» የሚለውን ምልክት አድርግበት። ከዚያ ፎቶውን ስታይ ጀርባው ላይ ያለውን ክብ መምረጫ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ጫን እያልክ ሂድ፤ የተቃጠለው ቦታ ብልጭ ድርግም ይላል። ክንፉ በሙሉ ብልጭ ካለ ሹተሩን አንድ ሁለት ደረጃ አፍጥን። አንዲት ነጥብ ትከሻው ላይ ብቻ ብልጭ ካለች ተዋት፤ ማስጠንቀቂያው የሚሰላው ከጄፔጉ ነው፣ ራው ፋይሉ (ያልተነካው ጥሬ ፋይል) ከዚያ ትንሽ የበለጠ ይሸከማል።

እግረ መንገዴን፦ አንዳንድ ካሜራዎች ነጩ እንዳይቃጠል ብቻ የሚጠብቅ የመለኪያ ዓይነት አላቸው። ኒኮን ይህን ያመጣው በ2014 በዲ810 ነው። ዲ5600 ላይ የለም። ቢኖርም ኖሮ ሩቅ ያለች ትንሽ ወፍን ሁልጊዜ አያያትም። ጋቢህ ይሻላል።

ፎከስ። ይህን አሳጥረዋለሁ። ኤኤፍ-ሲ (የሚንቀሳቀሰውን እየተከተለ ፎከስ የሚያደርገው) ላይ አድርገው፣ ዳይናሚክ 9 ነጥብ ምረጥ። 39ኙን ከከፈትክ ዛፍ ላይ መያዝ ይወዳል። ጥሩው ዜና ጥቁርና ራቅ ያለ ደን ለፎከስ አይከፋም፤ ቅርንጫፉ ቁልጭ ብሎ የሚታይ ቅርብ ዛፍ ነው ጠላትህ። ስለዚህ በወፉና በደኑ መካከል ርቀት ያለበትን ቦታ ምረጥ። ወፉን ገና ከሩቅ ያዘው፣ አብረኸው ዙር፣ አጠገብህ ሲደርስ ተኩስ። ፎከሱ ጫካ ላይ ከሄደብህ ጣትህን አንሳና እንደገና ጀምር፤ ወፉ እስኪመለስ ካሜራውን አትለማመጠው። ዲ5600 በሴኮንድ አምስት ያህል ፎቶ ነው የሚያነሳው፤ ስለዚህ እንደ መትረየስ አትደግነው። ክንፉ ሙሉ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ሲሆን ጠብቅ። እነዚህ ወፎች ክንፋቸውን በዝግታ ነው የሚመቱት፣ አንገታቸውን ሰብስበው፣ እግራቸውን ወደ ኋላ ዘርግተው። ሁለት ሦስት ቡድን ሳታነሳ ዝም ብለህ ብታይ ምቱ ይገባሃል። ለእነሱ 1/1250 ይበቃል፤ የክንፉ ጫፍም እንዲቆም ከፈለግክ 1/2000።

ሲነሱ ለማንሳት ማደሪያው ዛፍ ሥር ሄደህ አታስበርግጋቸው። ድንጋይ የሚወረውር ልጅ ደግሞ አትቅጠር፤ ያደረገ ሰው አይቼ ነው የምለው። ወፍ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ወደ ነፋሱ ዞሮ ነው። ነፋሱን ከጀርባህ አድርገህ ራቅ ብለህ ከቆምክ ወደ አንተ ይመጣሉ።

ፀሐይ ላይ የነበረው ወፍ ጥላ ውስጥ ከገባ ልኩ በእርግጥ ይቀየራል። ይህ ብቻ ነው እውነተኛው ለውጥ። ለዚያ ሁለተኛ ልክ በቃልህ ያዝ፦ አይኤስኦ 1600፣ ኤፍ 8፣ 1/1250። እኔ ግን ብዙ ጊዜ አንዱን እመርጥና ሌላውን እተወዋለሁ። ሁለቱንም የሚያሳድድ አንዱንም አይዝም፤ ዲ5600 አንድ መዞሪያ ብቻ ስላለው ደግሞ ጣትህ አይደርስም።

በራው አንሳ፣ 14 ቢት። ነጭ ሚዛኑን (ዋይት ባላንስ፣ የቀለሙን ማስተካከያ) አውቶ ላይ አትተወው፤ ደኑ አረንጓዴ ስለሆነ ካሜራው ከፍሬም ፍሬም ይወዛወዛል። የፀሐይ ምልክቷ ላይ ቆልፈው። ፒክቸር ኮንትሮሉን «ኒውትራል» ብታደርገው የሚያብለጨልጨው ማስጠንቀቂያ ለእውነቱ ይቀርባል። ኮምፒውተር ላይ ስትደርስ ነጩን ትንሽ ዝቅ አድርግና ላባው ይውጣ፣ ያ ብቻ ይበቃል። ጥላውን ግን አትክፈት! ሰው ሁሉ ደኑ ጨለመ ብሎ ይጎትተዋል። ስትጎትተው የሚመጣው ዛፍ አይደለም፤ አሸዋ የመሰለ ጫጫታ ነው። ደኑ ጥቁር ይሁን። ጥቁር ስለሆነ እኮ ነው ወፉ ያማረው።

አንድ ነገር ደግሞ አትርሳ። እነዚህ ወፎች በመራቢያ ጊዜያቸው አናታቸው፣ ደረታቸውና ጀርባቸው ላይ የፈዘዘ ቡኒ ቀለም ያወጣሉ። በተቃጠለ ፎቶ ላይ ያ ቀለም ከሁሉ ቀድሞ ይጠፋል። ፎቶህ ላይ ካየኸው ልክህ ትክክል ነው።

ወፍ ለማንሳት ከመውጣትህ በፊት እጅህን ማፍታታት ከፈለግክ ጉሬዛ ፈልግ። ወፍ ዋሻ ውስጥ አለ። ጥቁር ገላ፣ ነጭ ካባ፣ ነጭ ጅራት፣ ከኋላው ጥቁር ዛፍ። የወፉን ችግር በሙሉ አንድ እንስሳ ላይ ተሸክሞት ይዞራል፤ ያውም ቁጭ ብሎ ይጠብቅሃል። ካባው ላይ ያለው ጸጉር አንድ በአንድ እስኪታይ ተለማመድ። ፊቱ ጨለማ ቢሆንብህ አይግረምህ፣ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ አለብህ። ከዛፍ ዛፍ ሲዘል ደግሞ ያ ነጭ ካባ ይዘረጋል፤ ያኔ ከወፍ አይለይም።

ደኑ ራሱ ደግሞ ዝም ብሎ ጥቁር መጋረጃ እንዳይመስልህ። የመናገሻ ሱባን ደን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ በመጣ የጥድ ዘር እንዳስተከሉት ይነገራል። ስትሄድ ጥዱንም አንድ ሁለት አንሳለት። ያኔ ግን መለኪያውን እመነው፤ ለጥዱ ሲሆን ልክ ነው።

አንዳንዴ ብርሃኑ አልቆ ወፎቹ ገና እያለፉ ይሆናል። ያኔ አይኤስኦ እየቆለልክ አትታገል። ሹተሩን ወደ 1/30 አውርደውና ወፎቹን እየተከተልክ ካሜራውን አዙር። ደኑ የተፈተለ ጥቁር ጥጥ ይሆናል፣ ወፎቹ ነጭ ጭረት። አብዛኛው ይበላሻል። እኔ ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለችው ግን በዚህ መንገድ የተገኘች ናት፤ ባለቤቴ እስካሁን «ይሄ ምንድን ነው?» ትላለች።

ወደ ሌንሱ ልመለስ፣ የጠየቅኸው እሱን ነበርና። 70–300ው ለዚህ ሥራ ይበቃል። 300 ላይ ወፉ ትንሽ ከሆነብህ ቅረብ እንጂ አትግዛ። ገንዘብ ካለህ ፈጣን ሜሞሪ ካርድና ትርፍ ባትሪ ግዛ፤ ብርድ ባትሪ ይጨርሳልና ትርፉን በደረት ኪስህ ያዘው። አውቶ አይኤስኦውን ዛሬ ማታ ዝጋው። ጠዋት ላይ ያነሳኸውን ስትልክልኝ በስልክ ከካሜራው ስክሪን ላይ የተነሳ እንዳይሆን። ራው ፋይሉን ላክ፣ የጋቢውን ፎቶም ጨምርበት።